ከአያት እስከ ልጅ ልጅ በዘጌ፦ ሕያው ታሪክ ለመጎብኘት የሚወጣ ቤተሰብ እንዴት ይዘጋጅ?

በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 የተከፈተ ስካንሰን የሚባል ሙዚየም አለ። ከአገሩ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የመጡ የገበሬ ቤቶች፣ ወፍጮዎችና ቤተ ክርስቲያን ገላጣ ቦታ ላይ እንደገና ተተክለውበታል፤ የጥንት ልብስ የለበሱ ሠራተኞችም ዳቦ እየጋገሩና ብርጭቆ እየሠሩ ለጎብኚው ያሳያሉ፣ ሲመሽም ልብሳቸውን ቀይረው ወደ ዘመናዊ ቤታቸው ይገባሉ። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የሚያስኬደው የዘጌ ልሳነ ምድር በብዙ ነገሩ ይህን ሙዚየም ያስታውሰኛል፤ ልዩነቱ በዘጌ ሲመሽ ልብሱን የሚቀይር ሰው አለመኖሩ ነው። ደወሉን የሚመታው ዲያቆን፣ ቡናዋን የምትወቅጠው እናት፣ ታንኳውን የሚቀዝፈው ሰው ሁሉም የራሳቸውን ኑሮ የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ ወደ ዘጌ የሚሄድ ቤተሰብ ቲኬት ቆርጦ ትርኢት እንደሚመለከት ሰው ሳይሆን ሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ መዘጋጀት አለበት፤ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚነሣ ነው።

ቀኑን ስለ መምረጥ

ከስንቁም ከገንዘቡም በፊት የሚወሰነው ቀኑ ነው። በክረምት የጫካው መንገድ ይጨቀያል፣ ሐይቁም ይናወጣል፤ ሕፃንና አዛውንት ይዞ ለሚሄድ ሰው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ከሄዱ ልጆችዎ ቀይ የቡና ፍሬ ከዛፉ ላይ ሲለቀም የማየት ዕድል ስለሚኖራቸው እኔ እነዚህን ሁለት ወራት አስበልጣለሁ።

ከወሩ ቀጥሎ ዕለቱ ይታሰብበት። በዘጌ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በይበልጥ የሚጎበኘው ዑራ ኪዳነ ምሕረት በመሆኑ፣ ወር በገባ በ16 ቀን፣ ይልቁንም የካቲት 16 በዓሉ ሲከበር፣ ቦታው በምእመናን ይሞላል። ልጆችዎ ንግሥ፣ ወረብና የታቦት ክብር እንዲያዩ ከፈለጉ ይህን ቀን ይምረጡ፤ ሥዕሎቹን በእርጋታ እንዲያዩ ከፈለጉ ግን ሌላ ቀን ይሂዱ። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ መሆኑንም አይርሱ። እኛ አንድ ጊዜ በዐቢይ ጾም ዓርብ፣ ያውም ረፋዱ ካለፈ በኋላ ሄደን፣ ቅዳሴ ገብቶ ስለ ነበር ልጆቹ ቅጥሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው እስኪወጣ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው፤ ትንሿ ልጄ የዘጌን ስም ስትሰማ እስካሁን የምታነሣው ያን ረኃብ ነው። ከዚያ ወዲህ የምንሄደው ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሴው በማለዳ ያልቃል፣ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው።

ከመነሣትዎ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለው የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ በቦታው ካለ ሰው ይጠይቁ። የሰማነው ወሬና ያለው ሁኔታ ሁልጊዜ አንድ አይሆንም።

በሐይቁ ወይስ በመኪና?

ዘጌ በየብስም ይደረሳል፤ ከባሕር ዳር ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ አለው። ጀልባ የሚያዞረው ወይም ውሃ የሚፈራ ሰው ካለ መኪናው ይሻላል። ሌላው ሰው ግን በጀልባ ቢሄድ እመክራለሁ፣ ምክንያቱም የዘጌ ታሪክ ግማሹ ውሃው ላይ ነው።

ጀልባውን ከአንድ ቀን በፊት ያነጋግሩ፤ ሲዋዋሉም ሦስት ነገር ሳይጠይቁ አይለያዩ፦ ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በሰው ቁጥር፣ ነዳጅ በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ የለም፣ ጀልባው ስንት ሰዓት ቆሞ ይጠብቃል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ከዚያ ካፒቴኑ ከወደቡ ሲጣራ፣ አያት ቡናዋን ሳትጨርስ መነሣት ይመጣል።

ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ልጅ አያሳፍሩ። መኖሩ ብቻም አይበቃም፣ ልኩ መሆን አለበት፤ ጃኬቱን ካለበሱትና ማሰሪያዎቹን ካጠበቁ በኋላ ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት፣ አገጭን አልፎ ወደ ፊት ከወጣ ለልጁ ሰፊ ነውና ይቀየር። አዛውንቶችን ከጀልባው መሐል ወይም ወደ ኋላ ያስቀምጡ፤ ፊት ለፊቱ ማዕበሉን እየመታ ስለሚነሣና ስለሚወድቅ ለወገብ አይመችም። ጠዋት በ1 ሰዓት ይነሡ፣ ከዘጌም ቢበዛ በ7 ሰዓት ተኩል ይመለሱ፤ ከቀትር በኋላ በጣና ላይ ነፋስ ስለሚነሣ የጠዋቱ ለስላሳ ውሃ ሲመለሱ ሌላ ሐይቅ ይመስላል።

በመንገድ ላይ ታንኳ ሲያዩ ካፒቴኑ ሞተሩን እንዲያበርድ ይጠይቁ። የሞተር ጀልባ የሚያስነሣው ማዕበል ቀዛፊውን ስለሚያስቸግር ይህ አንደኛ ነገር ጨዋነት ነው፤ ሁለተኛ ደግሞ ልጆቹ ታንኳውን በቅርብ ያዩታል። ታንኳ የሚሠራው ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ሲሆን፣ የደረቀው ደንገል እየተጠቀለለና እየታሠረ አፉ ወደ ላይ ቀና ብሎ ይበጃል። በዚህ ጥበብ በጣና ዙሪያ ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሣው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ናቸው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ከጉዞ በኋላ ከውሃ ወጥቶ ይደርቃል፣ ዕድሜውም በወራት እንጂ በዓመታት አይቆጠርም፤ እንጨትና ቡና ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲመላለስ የኖረው ግን በዚህ በሚያልቅ ዕቃ ነው። ልጆቹን «እንጨት በሞላበት አገር ጀልባቸውን ለምን ከሣር ሠሩት?» ብለው ይጠይቋቸው፤ መልሱን ራሳቸው ይፈልጉት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ቢታይ ካፒቴኑን «ጠጋ በልልን» አይበሉት፤ ጉማሬ ከሩቅ የሚታይ እንስሳ ነው። በሐይቁ ዳር ብልሃርዚያ ስለሚገኝም ልጆች ውሃው ውስጥ እግራቸውን እንዳይነክሩ ይጠብቋቸው።

ስለ ስንቅና ልብስ

ስንቁ ቀላል ይሁን፤ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝና በቂ የመጠጥ ውሃ ይበቃል። በጫካው ውስጥ ጦጣዎች ስላሉ ዳቦ የያዘ እጅ ወዲያው ይለያል፣ ስለዚህ ምግቡ ዚፕ ባለው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ሴቶች ረጅም ቀሚስና ነጠላ፣ ወንዶች ረጅም ሱሪ ይልበሱ። ቤተ ክርስቲያን የሚገባው ጫማ ወልቆ ስለሆነ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማና ወፈር ያለ ካልሲ ለሁሉም ይያዝ። መጸዳጃ ቤት ከባሕር ዳር ሳይነሡ ይጠቀሙ። ዝርዝር ብርም አይርሱ፤ የመግቢያ፣ የአስጎብኚና የቡና ክፍያ በየቦታው ስለሚከፈል ትልቅ ኖት ይዞ መልስ መጠበቅ ለሁለቱም ወገን አድካሚ ነው። ለመግቢያ ሲከፍሉ ደረሰኝ ይቀበሉ።

ቤተ ክርስቲያኑን ከምሳ በፊት

ከወደቡ እንደ ወረዱ የሚወስደው የእግር መንገድ በቡና ዛፎች መካከል ቀስ እያለ ይወጣል። በግራና በቀኝ ትንንሽ የደንገል ታንኳዎች፣ በብራና ላይ የተሣሉ ሥዕሎችና ቡና የሚሸጡ ሰዎች ይጠብቁዎታል። ልጆች ሁሉን ሊገዙ ይፈልጋሉና «ስንመለስ አንድ አንድ ትመርጣላችሁ» ብለው አስቀድመው ይስማሙ፤ ይህች አንዲት ቃል ብዙ ልቅሶ ታስቀራለች።

ቤተ ክርስቲያኑን ከምሳ በፊት ማድረግ ይገባል የምለው ለጊዜ ብቻ ብዬ አይደለም። ምግብ በልተው ቤተ መቅደስ መግባትን የማይወዱ አዛውንቶች አሉ፤ አማቴ አንዷ ናቸው። ምሳው ቀድሞ ቢሆን እርሳቸው ከደጀ ሰላሙ አልፈው ባልገቡ ነበር፣ እኛም ያለ እርሳቸው ሥዕሎቹን ማየታችን ምን ያህል ባዶ እንደሚሆን ሳናውቅ እንቀር ነበር።

በዘጌ የገዳማዊ ሕይወት መሠረት የጣሉት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት አቡነ በትረ ማርያም እንደ ሆኑ ይነገራል። የአካባቢው ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ጻድቁ በትራቸውን ለሦስት ከፍለው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ። በቦታው ሥርዓት መሬቱ በበሬ አይታረስም፤ ከሐይቁ ማዶ ያለው ምድር ተገልጦ ሲታይ ዘጌ በጥላ ተሸፍና መኖሯን ነዋሪው ከዚህ ሥርዓት ጋር ያያይዘዋል። ይህን ታሪክ ገና በመንገዱ ላይ፣ ሦስቱም ተክል እየታየ ቢነግሯቸው ልጆቹ ይይዙታል። ሎሚውን ያሽትቱት።

ቅጥሩ ሲደረስ አባቶችን «አባቴ ይፍቱኝ» ብሎ መስቀል መሳለም የሚፈልግ ይሳለማል፤ የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ ቤተሰብ ጫማውን አውልቆ፣ እጅ ነሥቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ቢነጋገር ክብሩን ጠበቀ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶችም የሚገቡበት ነው። በሐይቁ ካሉት ደሴት ገዳማት እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉት ግን ለሴት ዝግ ስለ ሆኑ፣ እናትና ሴት ልጅ ጀልባ ላይ ቀርተው የሚጠብቁበትን ጉዞ ለቤተሰብ ቀን አያቅዱ።

ከመግባትዎ በፊት ደወሉን ያሳዩዋቸው፤ ተንጠልጥሎ በድንጋይ የሚመታ ረጅም ድንጋይ ነው፣ ካልተፈቀደ ግን አይመታም። ወደ ጣሪያውም ቀና ይበሉ። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጉልላት ላይ የሰጎን እንቁላል ይደረጋል፤ ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ እንደማትነቅል ሁሉ እግዚአብሔርም ዓይኑን ከሕዝቡ አይነቅልም ሲሉ አባቶች ያስተምሩበታል።

ሥዕል ማንበብ

ክቡን ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኖ ያገኙታል። ከሁሉ በላይ ረጅም ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ የተሣለ መጽሐፍ ነውና፣ ገና ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ከአባቱ እኩል የሚያነብበት ብቸኛ ቦታ ሊሆን ይችላል።

ስልቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ለልጆቹ አንድ ቁልፍ ይስጧቸው፦ በቀድሞው አሣሣል ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው ይታያል፣ ክፉዎች ግን በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ ይኖራቸዋል። ይህን የሰማ ልጅ ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነግረው «ይኼኛው መጥፎ ነው፣ ያኛው ደግ ነው» እያለ ራሱ አስጎብኚ ይሆናል። ቀጥሎ አራት ሰው እንዲፈልጉ ይዘዟቸው፦ ስድስት ክንፍ ያላቸውና በአንድ እግራቸው የቆሙት አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ አንበሶችና ነብሮች የከበቧቸው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ ዘንዶ ተሸክሞ ወደ ተራራ የሚያወጣቸው አቡነ አረጋዊ፣ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶውን የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስ። ማን ቀድሞ እንዳገኘ ይቆጠር፤ መሮጥና መጮህ ግን ክልክል መሆኑ አስቀድሞ ይነገር።

በላዔ ሰብን ለመጨረሻ ያቆዩት። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ይህ ሰው፣ አንድ ውሃ የጠማው ድኻ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ፣ በፍርድ ቀን ሚዛኑ ያች ጥርኝ ውሃ ወዳለችበት አጋደለለት የሚባለው ታሪክ ከኪዳነ ምሕረት በዓል ጋር የተያያዘ ነው። አስጎብኚያችን ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ሊያልፍ ሲል አማቴ «ቆይ ልጄ» ብለው፣ በልጅነታቸው የሰሙትን ከነዜማው ተረኩት፤ አስጎብኚውም እጁን አጣጥፎ አዳመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም የምመክረው፣ አስጎብኚ ቢቀጥሩም አያትን ከፊት እንዲያስቀድሙ ነው። አስጎብኚው መቼ እንደ ተሠራና ማን እንዳሠራው ይንገር፣ ታሪኩን አያት ይተርኩ።

ሥዕሎቹ በእጅ አይነኩም። ፎቶ ማንሣት ተፈቅዶ እንደ ሆነ ይጠይቁ፣ ቢፈቀድም ያለ ፍላሽ ይሁን፤ ሰው ከማንሣትዎ በፊት ደግሞ ሰውየውን ራሱን ያስፈቅዱ።

በዕቃ ቤቱ ነገሥታት የሰጧቸው ዘውዶች፣ መስቀሎችና የብራና መጻሕፍት ይታያሉ። ሕፃናት ዘውዱን ይወዱታል፣ ትልልቆቹን ግን ወደ ብራናው ይሳቧቸው። ቆዳው የፍየል ወይም የበግ እንደ ሆነ፣ ጸሐፊው በመቃ ብርዕ እንደ ጻፈው፣ ቅዱሳን ስሞች በቀይ ቀለም እንደሚለዩ ይንገሯቸውና ቀዩን ቃል እንዲፈልጉ ያድርጉ፤ ግእዝ የማያውቅ ልጅ እንኳ «ማርያም» የሚለውን አንብቦ ይደነቃል።

ጉልበት ከቀረ አዝዋ ማርያም በቅርብ ነው። ልጆቹ ከደከሙ ግን ይተዉት፤ ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ላይ የሚያዛጋ ልጅ ከመጀመሪያው ያየውንም ይረሳል።

ቡናው

ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ አንድ ሰው ቤት ገብተው ቡና ይጠጡ። በመንገዱ ዳር ቡና የሚያፈሉ ቤቶች ስላሉ አስጎብኚዎ ያገናኝዎታል፤ ዋጋውን አስቀድመው ይነጋገሩ፣ ከዚያ በኋላ ግን የገንዘብ ነገር አይነሣ። «ቶሎ ይሁንልን» ማለትም ነውር ነው። ሦስት ጊዜ የሚፈላ ቡና፣ አቦል፣ ቶና እና በረካ፣ ጊዜውን ይፈልጋልና ቢያንስ አንድ ሰዓት ይመድቡለት።

ባለቤቲቱን «እማማ» ወይም «እቴ» ብለው እንደ ዕድሜያቸው እየጠሩ ልጆቹ እንዲያግዙ ይለምኑላቸው። የደረቀውን ፍሬ ከገለባው መለየት፣ የተቆላውን በሙቀጫ መውቀጥ፣ ጭሱን ለእንግዳው ማሽተት ለልጅ እጅ የተመቸ ሥራ ነው፤ ምድጃውንና ጀበናውን ግን እሳት ስላለበት ይተዉላቸው። በከተማ ቤት ቡና ተፈጭቶ ከሱቅ የሚመጣ የሚመስለው ልጅ፣ ጠዋት ከዛፍ ላይ ያየውን ፍሬ ቀትር ላይ በገዛ እጁ ሲወቅጠው ያለው ፊት የጉዞውን ዋጋ ይመልሳል።

በመንገድዎ የቆሎ ተማሪ ሊያጋጥም ይችላል። ጎጃም የቅኔ አገር ናት፤ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ስማቸው የተጠራው በዚህ ነው። ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ ልጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ልጆችዎ የሚያዩት እኩያቸውን ነው። ዳቦውን ልጅዎ በእጁ ይስጠው፣ ስሙንና ምን እየተማረ እንደ ሆነ ይጠይቀው፤ ፎቶ ማንሣቱ ይቅር።

ከሩቅ ለሚመጣ

ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ማልዶ የተነሣ ሊደርስ ይችላል፤ ከደብረ ማርቆስ ግን መንገዱ ከ250 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ዓርብ ባሕር ዳር ገብቶ ማደር ያስፈልጋል። አንዳንዱ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጢስ ዓባይንና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1626፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የአላታ ድልድይ ሊጨምር ያስባል። ልጅና አዛውንት ይዘው ይህን አያድርጉ፤ ድልድዩም የራሱ ቀን ይገባዋል።

ማታ ቤት ሲገቡ ስልክዎን ከፍተው የበላዔ ሰብን ታሪክ አያት እንደገና ሲተርኩ ድምፃቸውን ይቅረጹ፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያልተመቸው በሳሎን ይመቻል። ልጆቹ የገዙትን ትንሽ ታንኳ በሳፋ ውሃ ላይ ማንሳፈፋቸው አይቀርም። ይፍቀዱላቸው፣ ግን ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ሳይከብድ ያውጡትና እንደ ታንኳ ቀዛፊዎቹ ያድርቁት።